ሙሴ ካልተባለ የማይሰማው ሰው

ድሬዳዋ ላይ ሰውን «እርስዎ» ብለህ ታውቃለህ? ካላልክ እስቲ አንድ ቀን ሞክረው። ቀፊራ ገበያ ግባና ከአንዷ ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆመህ «እርስዎ፣ ይህን ስንት ይሸጡታል?» በላት። መጀመሪያ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ታያለች። ማንም እንደሌለ ስታውቅ «አቦ፣ አንተ ከየት ነው የመጣኸው?» ትልሃለች። ከዚያ የእንግዳ ዋጋ ትነግርሃለች። በእኛ ከተማ አክብሮት ያስከፍላል።

እዚህ ሁሉም አንተ ነው፤ ሁሉም አንቺ ነው። አባትህም አንተ፣ አያትህም አንተ፣ አለቃህም አንተ። ንቀት እንዳይመስልህ። ፍቅር ነው፤ ደግሞም ሙቀት ነው። በዚህ ፀሐይ ማን ቃል ያስረዝማል? ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ጎረቤት ነበረኝ። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ነጂው አንተ ሲለው ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ለበዓል ወደ ቤተሰቦቹ ሄደና በር ላይ ቆመው የጠበቁትን አባቱን «አንተ! እንዴት ነህ አቦ?» ብሎ አቀፋቸው። ሰውየው ዶሮ ወጡን ሳይቀምሱ ተኙ አሉ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሐጂ አለ፣ ሼህ አለ፣ ቄስ አለ፤ እነዚህ በሃይማኖት የሚገኙ ናቸው። ከዓለማዊው ማዕረግ ግን የድሬን ሙቀት ችሎ የኖረ አንድ ብቻ ነው። ሙሴ።

ባሕር የከፈለውን ማለቴ አይደለም። የእኛ ሙሴ በባቡር የመጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ሐዲድ ሲዘረጉ ቃላቸውንም አብረው ዘረጉት። ጣቢያውን ለገሃር አልን፤ ቢሮ አልን፣ ጋራዥ አልን፣ ሹፌር አልን። ሰዎቹን ደግሞ ሙሴ እከሌ እያልን ጠራን። ፈረንሳዩ ሙሴ፣ ግሪኩ ሙሴ፣ አርመኑም ሙሴ። ቆዳው ነጣ ካለና ባርኔጣ ካደረገ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደየአገራቸው ሄዱ። ማዕረጉን ግን ማንም በሻንጣው አልከተተውም። እዚሁ እኛ ሰፈር ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር ቀረ።

ከዚያ ጌታቸው አነሳው።

ጌታቸው የሰፈሬ ሰው ነው። ቤቱ ከፎቶ ቤቴ ትይዩ ነው። በወጣትነቱ በባቡሩ ወርክሾፕ መካኒክ ነበር። ፈረንሳዊ አለቃው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ለስንብት አንድ ክራባት ሰጠው። በማግስቱ ጌታቸው ክራባቱን በቱታው ላይ አስሮ ሥራ ገባ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ግራሶ መካከል፣ ክራባት! ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። «ቦንዡር፣ ሙሴ!» አሉት። እሱ ደረቱን ነፍቶ «ቦንዡር» አለ። በቃ። እነሱ ለማሾፍ የወረወሩለትን እሱ ለቁም ነገር ቀለበው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሹፈት መሆኑን ከእሱ በቀር ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ደግሞ አስበው። ሰው በሹፈት የተሰጠውን ስም ዕድሜውን ሙሉ በክብር ከተሸከመው፣ ስሙ ሹፈት ሆኖ ይቀራል? አሿፊዎቹ ጡረታ ወጡ፣ አንዳንዶቹም አረፉ። ልጆቻቸው ሙሴ ጌታቸውን ከልባቸው ሙሴ እያሉ አደጉ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶት ሙሴ የሚባል ነገር የለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ጓድ ነህ አለው። ጌታቸው ምንም አልተከራከረም። ስብሰባ ላይ «ጓድ ጌታቸው!» ሲባል ግን ዝም። ሲደገም ዝም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እያየው እሱ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገና «ጓድ ሙሴ ጌታቸው» አለ። «አቤት!» ብሎ ብድግ አለ።

እንግዲህ የሰውየው ጠባይ ይኸው ነው። ሙሴ ካልተባለ አይሰማም። አይቆጣም፣ አያኮርፍም፤ በቃ አይሰማም። ሐኪም ቤት ነርሷ «አቶ ጌታቸው» ብላ ስትጠራ ቁጭ ብሎ ተራው ያልፈዋል።

ኋላ አሮጌው ባቡር ቆመ። ወርክሾፑ ዝም አለ፤ ጡረታ መጣ። የባቡር ሰው ፊሽካ ሳይሰማ ውሎ ሲያድር ምን እንደሚሰማው እኔ ልነግርህ አልችልም። ጌታቸው ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ስለዚህ ሰው ሲስቅበት አልወድም። እኔ ስስቅ ይለያል፤ ጎረቤት ነኝ።

አሁን ነገሩ ይመጣል። የእህቴ ልጅ ዳዊት የዚህን ሰው ልጅ፣ ሰላምን፣ ወደደ።

ድሬ ላይ ስንት ቆንጆ ሞልቶ! ሰላም ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት። አባቴ ካልመረቀኝ እግሬ ከዚህ ቤት አይወጣም ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ነበረብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንዱ እኔ። ሁለተኛው የእህቴ የንስሐ አባት፣ ቄሱ። (እሳቸውን ብቻ እርስዎ እንላለን፤ ሰማይን ፈርተን።) ሦስተኛውና የነገሩ አውራ የመጋላ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሮብሌ ነው።

ሐጂና የዳዊት አባት በአንድ ካሚዮን ጅቡቲ የተመላለሱ ጓደኛሞች ነበሩ። አባትየው ዳዊት ገና ዳዴ ሲል ሞተ። ሐጂ ልጁን እንደራሱ ልጅ አሳደገው። በረመዳን ሳምቡሳ ያጎርሰዋል፤ ለፋሲካ ደግሞ በግ እየነዳ ይመጣል። ክርስቲያኑ ልጅ አባት ብሎ የሚያውቀው ይህን ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሱማሌ ነው። ያለ እሱ ሽማግሌ መላክ እንዴት ይታሰባል?

ሐጂ አንድ ደንብ አለው። ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ከአፉ አያወጣም። «ቃል እንደ ጨርቅ ነው፤ ሳልዳስሰው አልሸጥም» ይላል። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ ሁሉ ዳስሷል። ፈረንሳይኛ ግን እጁ አልገባም።

የሽምግልናው ቀን ከሐጂ ሱቅ ተነስተን ባጃጅ ውስጥ ተጣበን ስንሄድ፣ ሰውየው ሙሴ ካልተባለ እንደማይሰማ አስጠነቀቅኩት። ሐጂ ምን ማለት ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ስንት ዘመን ስንለው ኖርን እንጂ ማን ጠይቆ ያውቃል? ቄሱም አያውቁም። ሐጂ ስልኩን አወጣና ለዳዊት ደወለ። ዳዊት የወደፊት አማቱን ለማስደሰት ብሎ ከስልኩ ላይ ፈረንሳይኛ ሲማር ከርሟል። ጥያቄውን ሲሰማ ደስታውን አልቻለም። «ጌታዬ ማለት ነው፣ አባ!» ብሎ ጮኸ። እኛም ሰማን፣ ነጂውም ሰማ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሐጂ ስልኩን ዘጋ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ። «ወላሂ እኔ ለሰው ጌታዬ አልልም። ጌታዬ አንድ ነው፤ እሱም ላይ ነው ያለው።»

እኔ የቄሱን እርዳታ ፈልጌ ዞር ብል እሳቸው ጭራሽ ራሳቸውን በአዎንታ እየነቀነቁ ነው። በዚህስ ሐጂ እውነቱን ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ መስማማት ሌላ ቀን ባየሁ እንዴት ደስ ባለኝ!

ደረስን። ጌታቸው ሳሎን ውስጥ ክራባቱን አስሮ፣ ጥቁር ፀጉሩን አበጥሮ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጦ እየጠበቀን ነው። ሚስቱ ትርንጎ መጋረጃው ጀርባ ናት። የሽምግልና ወግ ታውቀዋለህ። ቆመህ ትለምናለህ፤ አባትየው ምን እግር ጣላችሁ ብሎ ካልጠየቀ ነገር አይጀመርም። አፍ የሚከፍተው ደግሞ አውራው ሽማግሌ ነው። ከእሱ ቀድሞ የሚናገር ሽማግሌ፣ ሽማግሌ አይባልም።

«ጌታቸው፣ ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል» አለ ሐጂ።

ጌታቸው ቬንትሌተሩን ያያል።

«ጌታቸው!» አለ ሐጂ፣ ጮክ ብሎ።

ዝም። እኔ ሳልኩ። ቄሱ ሳሉ። ጌታቸው ወደ መጋረጃው ዞረና ሚስቱን በሩን ማን ነው ያንኳኳው፣ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ ብሎ አይጠይቃት መሰለህ! እኛ ፊቱ ተገትረን!

በሐጂ ጆሮ አንሾካሾክኩ። ሐጂ፣ ስሙ ራሱኮ ጌታቸው ነው፤ እሱን ካልክ ሙሴን ምን አስጠላህ አልኩት። ሐጂም ቀስ ብሎ የእነሱ ጌታ ይሁን፣ እኔ ምን አገባኝ፣ የእኔ ግን አይደለም አለኝ። ምን ትለዋለህ?

ሳንቀመጥ ወጣን። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ያውቃል። ማታውኑ ሰላም አባቷን እያለቀሰች ብትጠይቀው፣ ሽማግሌ? የት? ማንም አልመጣ አላት አሉ።

እህቴ ሐጂን ቀይሩት አለች። ዳዊት ደግሞ ሐጂን ትቼ ከምዳር ሳላገባ ብሞት ይሻለኛል አለ። ፈረንሳይኛውንም በንዴት ከስልኩ አጠፋው። ልጁ ከሳ። እውነቴን ነው፤ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ላነሳው ብዬ በካሜራው መስኮት ሳየው ፊቱ አላምር ብሎኝ ካሜራዬን አስቀመጥኩት። አንጀቴን በላኝ። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ጥፋተኛ ቢሆን እኮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሐጂ ስለ አምላኩ ነው፣ ጌታቸው ስለ ክብሩ ነው። የትኛውን ትወቅሳለህ?

እንቅልፍ ሲነሳኝ ጊዜ ወደ ማዳም ሄድኩ። ማዳም የምንላት ጡረታ የወጣች የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናት፤ ግማሹን ከዚራ በማስመሪያ ያሳደገች። ሙሴ ማለት በእርግጥ ጌታዬ ማለት ነው ወይ አልኳት፤ አይደለም እንድትለኝ እየተመኘሁ።

ነው አለችኝ። ልቤ ወረደ። ሁለት ቃል ነው፣ ሞን ማለት የእኔ፣ ሲየር ማለት ጌታ፤ ተዋውጠው አንድ ሆኑ አለች። ድሮማ ተራ ሰው አይጠራበትም ነበር። ከመኳንንቱም በላይ የንጉሣቸው ወንድም ስሙ ሳይጨመርበት ሙሴ ብቻ ይባል ነበር። በኋላ አብዮት ፈነዳ። ሙሴ መባባል ቀረና ሁሉም «ዜጋ» ይባል ተባለ።

«ጓድ!» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። «እነሱም ጓድ ነበራቸው?»

ነበራቸዋ! ያም አልፎ ሙሴ ተመልሶ መጣ፤ ግን ሲመለስ የንጉሥ ወንድም አልመረጠም። ሥጋ ሻጩም ሙሴ፣ ፀጉር ቆራጩም ሙሴ ሆነ። አየህልኝ? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያቃተው ነገር ፓሪስንም አቅቷታል!

ስስቅ ማዳም ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ መታችና አልጨረስኩም አለች። ያ ሲየር የሚሉት ቃል ራሱ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከላቲን ነው። ሥሩ ጌታ ማለት አልነበረም። በዕድሜ የሚበልጥ ማለት ነበር።

«ሽማግሌ?» አልኳት።

«ሽማግሌ» አለች።

ወዳጄ፣ ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልንገርህ! አስበው እንጂ። ዓረቡ ሼህ ሲል ሽማግሌ ማለቱ ነው። ሱማሌው ኦዳይ ይላል፤ ሽማግሌ። ኦሮሞው ጃርሳ ይላል፤ ሽማግሌ። እኛም ሽማግሌ። ፈረንሳይ ያን ሁሉ ሽቶ ቀብታ፣ በባቡር ጭና ያመጣችው ቃል ለካ ሲፈታ መጋላ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው! እግሬ መሬት አልነካ አለኝ።

ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነው። ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ብሏል። ባጃጅ ከየት ይምጣ? የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በእግሬ አቋረጥኩት። እንዲያ ስሮጥ ያየችኝ አንዲት ሴት «ጎርፍ መጣ እንዴ?» ብላ ልጆቿን ስትሰበስብ ሰምቻለሁ። ሐጂ ሱቁን ዘግቶ ትራሱን ደገፍ ብሏል። ነገሩን ስነግረው ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት መፍጨት አቆመ።

«ኦዳይ?» አለኝ።

«ኦዳይ!»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አልኩ እኔ፣ የሚካኤል ማኅበርተኛው።

ሐጂ እስኪያስለው ሳቀ። ኦዳይማ እለዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እለዋለሁ፣ ይህን የሚናገር ሰው እንዴት ጠፋ አለ። ያኔውኑ ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀ።

በነጋታው እንደገና ሄድን። እንደገና ቆምን። ጌታቸው እንደገና ቬንትሌተሩን ያያል።

«ሙሴ!» አለ ሐጂ። ጣሪያው ተሰማው።

«አቤት!» ብሎ ሰውየው እንደ ወጣት ዘለለ። «ኧረ ግቡ! ምን እግር ጣላችሁ? ኧረ ቁጭ በሉ!»

ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን፤ ወጉ ነው። ሐጂ ልጅህን ለልጃችን ብሎ ለመነ። ጌታቸው ፊቱ በራ። እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ምን አለ ሐጂ ዝም ቢል! ነገር ግን ሐጂ ቅን ነው። ነጋዴ ሆኖ ውሸት አይወድም። ባለፈው ሙሴ ያላልኩህ ንቄህ አይደለም ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ጌታዬ ማለት መስሎኝ ነው። አሁን ግን አጣራሁ። ሽማግሌ ማለት ነው፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ እልሃለሁ።



እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። የማን ፀጉር ተፈጥሮ፣ የማን ፀጉር ቀለም እንደሆነ ከሚስቶቻቸው ቀድሜ አውቃለሁ። የጌታቸው ፀጉር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይበልጥ እየጠቆረ ነው የሄደው።

«ሽማግሌ?» አለ፤ እጁ ወደ ፀጉሩ ሄደ። «ማነው ሽማግሌ? ገና በሃያዎቹ ሳለሁ ጀምሮ እኔን ሽማግሌ ሲሉኝ ነው የኖሩት?»

ከመጋረጃው ጀርባ ትርንጎ ፈነዳች። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍነው ብትሞክርም አልሆነላትም። ከአጠገቧ ግን ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰላም ትንፋሿን ስትውጥ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ።

ጌታቸው ሚስቱ ስትስቅ ሰማ። የልጁንም ትንፋሽ ሰማ። ለካ ሳይጠሩትም ይሰማል። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ የሐጂን ቀይ ጢም ተመለከተው።

«ሐጂ፣ አንተ ከእኔ ትበልጣለህ አይደል?» አለ።

«ወላሂ እበልጣለሁ! አንተ ሱሪ ሳትታጠቅ እኔ ግመል ጭኛለሁ» አለ ሐጂ፣ እየኮራ።

ጌታቸው ተነሳ። ክራባቱን ከአንገቱ ፈታ፤ ያችኑ፣ የወርክሾፑን። ቀለሟ ለቋል፣ ጫፏ ተበልቷል። ወደ ሐጂ ተጠጋና በሽርጥ ላይ በለበሰው ሸሚዝ አንገት አሰረለት። ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር ገባ።

«ይህችን የሰጠኝ ሰው ይበልጠኝ ነበር» አለ። «እንግዲህ ሙሴው አንተ ነህ።»

ሐጂ ምን ይበል? ኧረ እኔ ጌታ አይደለሁም እንዳይል፣ ጌታ ማለት እንዳልሆነ የመሰከረው ራሱ ነው። ሽማግሌ አይደለሁም እንዳይል፣ አሁን ስለ ግመሉ የማለው ራሱ ነው። እንደታሰረ ቀረ።

«እኔ ደግሞ» አለ ጌታቸው፣ «ሥራ ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ ሙሴ ያዘዘኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ልጅቷ የልጅህ ናት። አሁን ቁጭ በል፣ ሙሴ።»

እልልታው ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሞተራቸውን አጥፍተው አዳመጡ።

ሠርጉ አለፈ። ፎቶውን እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ተሰቅሏል። መሃል ላይ ሐጂ አለ፣ በሽርጥና በክራባት። መጋላ ውስጥ አሁን ሙሴ ሮብሌ ነው የሚባለው፤ አንዳንዴ ይቆጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን «አቤት» ይላል።

ያልታሰበው ችግር የመጣው እዚሁ ከዚራ ነው። ጌታቸው ማዕረጉን ሰጠ እንጂ ጆሮው አልተለወጠም። «አቶ ጌታቸው» ስትለው ዛሬም አይሰማም፤ ያን ስም አልለመደውም። «ሙሴ» ስትለው ደግሞ በጣቱ ወደ መጋላ ይጠቁምሃል፤ በሰጠው ነገር አይመለስም። ታዲያ በምን ይጠራ? ሐኪም ቤት ተራው አሁንም ያልፈዋል። ሰፈሩ መከረ፣ ዘከረ፤ መላ ጠፋ።

ባለፈው እሑድ እኔና ቄሱ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመን ስለዚሁ ስናወራ፣ ጌታቸው ማዶ ካለው ሱቅ ዳቦ ይዞ ይወጣል። ትርንጎ ከግቢዋ በር ብቅ አለች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና በከተማው ቋንቋ ተጣራች።

«አንተ!»

መንገዱ ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ዞረ። ባጃጅ ነጂው ዞረ፣ እኔ ዞርኩ፣ ቄሱም ሳይቀሩ ዞሩ።

«አቤት!» አለ ጌታቸው፣ ከሁላችንም ቀድሞ።